የሌላ ሰው አሮጌ ብረት

ሳን ሆዜ አቅራቢያ ባለ አንድ የተኩስ መለማመጃ ቤት፣ የመስታወት ባንኮኒ ፊት ቆሜያለሁ። ሻጩ «ፕላስቲክ ነው የምትፈልገው ወይስ ብረት?» አለኝ። ሳላስበው «ብረት» ብዬ መለስኩ። በኪሴ ያለው 500 ዶላር ነው፤ ከማስተማር ረዳትነት ከማገኘው ደመወዝ ላይ ለስምንት ወር የተጠራቀመ። አጠገቤ የቆሙት ጋሼ ሳቁ። ጋሼ የምላቸው በቀድሞው ጦር ያገለገሉ፣ ኋላ ኦክላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። «አንተ እኮ የመጽሐፍ ሰው ነህ» አሉኝ፤ «ለወረቀት መብሻ ሁሉም አንድ ነው። ርካሹን ያዝና ሂድ።»

አንድ ግን አይደለም፤ ወይም ለእኔ አልሆነም። ዓላማዬ ቀላል ነበር። በወር አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ዒላማ ላይ ማነጣጠር። የመመረቂያ ጽሑፉን ስጽፍ ከምውለው ውሎ ሁሉ ቃል የማያስፈልገው ያ ሰዓት ብቻ ነው። ተከራይቼ ስተኩስ ከርሜ የመጀመሪያዬን ልግዛ ባልኩ ጊዜ፣ የሻጩ ጥያቄ ወዳላሰብኩት ቦታ ይዞኝ ሄደ። ለምንድነው ብረት ያልኩት?

መልሱ አንድም ከቋንቋው ነው። በአማርኛ ብረት ማዕድን ብቻ አይደለም። «ብረት አነሣ»፣ «ብረት ያነገበ» ሲባል ማንም ሰው አካፋ አያስብም። መሣሪያውና የተሠራበት ነገር አንድ ስም አላቸው፤ ስለዚህ ዛሬ ገበያውን የሞላው በፕላስቲክ እጀታ የሚሠራው ሽጉጥ በአማርኛ ሲታሰብ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስላል። ሽጉጥ የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱት። ከ«ሸጎጠ» የመጣ ነው። ሴት አያቴ ብር በመቀነቷ ትሸጉጥ ነበር። ጠመንጃ ይነገታል፣ ይታያል፣ ባለቤቱን ያስከብራል፤ ሽጉጥ ግን ስሙ ራሱ የተደበቀ ነገር ማለት ነው። ፈረንጆቹ «ፒስቶል» የሚሉት ብዙ አጥኚዎች እንደሚገምቱት ዋሽንትን ከሚያመለክት የቼክ ቃል የመጣ ነው፤ እነሱ ቅርጹን አዩ፣ እኛ ቦታውን።

በታሪካችን እጅግ የታወቀው ሽጉጥ ግን የተሸጎጠ አልነበረም፤ የተገዛም አልነበረም። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አካባቢ በሽፍቶች ቆስሎ ሲሞት ዐፄ ቴዎድሮስ ደሙን ተበቀሉ። ንግሥት ቪክቶሪያም ለዚህ ውለታ ጥንድ ሽጉጥ ላከችላቸው፤ ያመጣው አዲሱ ቆንስል ቻርልስ ካሜሮን ነው፣ በ1862። ሽጉጡ ላይ የብር ሰሌዳ አለ፣ በሰሌዳው ላይ ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለተደረገው ደግነት ትንሽ ምስጋና ይሁን ብላ እንደሰጠችው ተቀርጿል። ቴዎድሮስ የፈለጉት ግን ሽጉጥ አልነበረም፤ ሽጉጥ የሚሠራ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ካሜሮን ታሰረ፤ ጋፋት ላይ የነበሩት የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ፤ ናፒየር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ላይ ንጉሡ ከንግሥቲቱ ስጦታ አንዱን ወደ አፋቸው አዞሩ።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የማናውቀው የለንም። እኔን አሁን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካ ለጠየቀ ሰው የተላከለት ማስታወሻ ዕቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መሣሪያ ወደ እኛ የመጣው ባብዛኛው ሌላው ሰው ሲጨርሰው ነው፤ ወይም እንደ ጉንደትና ጉራ ጦርነት፣ በ1875 እና በ1876፣ የግብፅን ረሚንግተን ከወደቀ ወታደር እጅ በመውሰድ።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚገርመው ደንበኛ ምኒልክ ነበሩ። ሻጩ ደግሞ እኔ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ በየሴሚስተሩ የማስተምረው ገጣሚ። አርተር ራምቦ፤ የፊልሙን ጡንቸኛ ማለቴ አይደለም፣ ምንም እንኳ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ በዚህ ቢስቁም። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሞላው ግጥም አቁሞ፣ በ1880 ሐረር የገባ፣ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ ወደ መሣሪያ የዞረ ሰው ነው። ሸሪኩ ፒየር ላባቱ ሞተበት፤ ራምቦ ብቻውን ከታጁራ በ1886 መጨረሻ ላይ ቅፍለቱን ይዞ ተነሣ። በግመል የተጫነው 2,040 ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት ነበር። አራት ወር ገደማ ተጉዞ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፤ ሐረርን ይዘው ገና በመመለስ ላይ ነበሩ።

ጠመንጃዎቹ አሮጌ ነበሩ። አውሮፓ ውስጥ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲመጣ የተጣሉ፣ በአፈሙዝ የሚጎርሱና በካፕሱል የሚተኮሱ። ራምቦ አትራፊ ነኝ ብሎ ነበር የመጣው። እንጦጦ ላይ የጠበቀው ግን ከእሱ የበለጠ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነው። ምኒልክ ዋጋውን ዝቅ አደረጉ፤ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ቀነሱ፤ ቀሪውንም በእጅ አልሰጡም፣ ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል ብለው ወረቀት ጻፉለት። ገጣሚው በኋላ ለፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ ምሬቱን ዘርዝሯል። እኔ ይህን ሳነብ የማዝነው ለራምቦ አይደለም፤ መሆን ይገባኝ ነበር፣ የጥናቴ ሰው ነውና። ደስ የሚለኝ ግን ባንኮኒው ወዲያ ማዶ ያሉት ሰው ናቸው። አሮጌ ዕቃ በሙሉ ዋጋ አይገዛም።

ምኒልክ ይህን ትምህርት ከዚያ በኋላም አልረሱትም። የፈረንሳይ ጦር በ1886 ጭስ የማያወጣ ባሩድ የሚጠቀመውን ሌበል ሲቀበል፣ የ1874 ዓይነት የግራ ጠመንጃው በመጋዘን ተከመረ። «ፉዚ ግራ» የሚለው ስም በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኖ አድዋ ገባ። ስናይደር ስናድር፣ ማንሊከር ምንሽር፣ የቤልጅጉ ቤልጅግ። ቋንቋችን በዚያ ዘመን የገዛውን እያጠመቀ የራሱ ያደርግ ነበር፤ በየስሙ ውስጥ ግን ከየት አገር መጋዘን እንደወጣ ተጽፎ ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ባንኮኒው ልመለስ።

የድሮ ዓይነት የብረት ሽጉጥ የሚባለው ሁሉ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ወይም በሌላ ወደ አንድ ሰው ይመለሳል። ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ፣ በ1855 ዩታ ውስጥ ኦግደን ተወለደ፤ የአሜሪካ ጦር ሽጉጡን የተቀበለው መጋቢት 29 ቀን 1911 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስሙም ዓመቱ ሆኖ ቀረ። እስከ 1985 ድረስ የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ነበር። ባዶውን 1.1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ጀማሪ ሰው ክብደት ጠላቱ ይመስለዋል፤ በዒላማ ተኩስ ግን ክብደት ወዳጅ ነው፣ ርግጫውን የሚውጠው እሱ ነውና። ምላጩም አጭርና ቀጥ ያለ ጉዞ ስላለው ጣትህ ከምትሳሳተው ያነሰ ይሳሳታል። ብራውኒንግ የሞተው በ1926 ሊየዥ ውስጥ ነው፣ ኤፍ ኤን በሚባለው የቤልጅግ ፋብሪካ ሥራ ላይ እንዳለ። የቤልጅግ መኮንኖች ጥቂት ዓመት ቆይተው አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን አሠለጠኑ፤ ከዚያው ከተማ የተሠራ ጠመንጃም አብሮ መጣ። አያቶቻችንና የኦግደኑ ሰው በአንድ ፋብሪካ በር ወጥተው ገብተዋል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ዋጋው ነው። ዋናው ኮልት አዲሱ ከእኔ ገንዘብ እጥፍ ነው። ርካሾቹ የዚያው ሽጉጥ ቅጂዎች ከሁለት ቦታ ይመጣሉ፤ ከፊሊፒንስ፣ ማሪኪና ካለው የአርምስኮር ፋብሪካ፣ እና ከቱርክ፣ ትራብዞን ካለው የቲሳስ ፋብሪካ። ሁለቱም ጥሩ ብረት ናቸው ይላሉ የሚያውቁ። «ቱርክ» ሲባል ግን ኢትዮጵያዊ ጆሮ ሌላ ነገር ይሰማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጉምሩክና የፖሊስ ዜና ላይ በነዳጅ ቦቴ፣ በእህል ጆንያ ሥር የተገኘ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ያልሰማ ማን አለ? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣውም ይህ ንግድ ከቁጥጥር እየወጣ ባለበት ጊዜ ነው። ትራብዞንና በቦቴ የሚገባው አንድ ፋብሪካ ናቸው አልልም። ግን ስሙ ከአፌ ላይ ሲደርስ ይጎረብጠኛል።

በዚያ ላይ የካሊፎርኒያ ሕግ አለ። ግዛቷ ከ2001 ጀምሮ ነጋዴ ሊሸጣቸው የሚችላቸው ሽጉጦች ዝርዝር አላት፤ ዝርዝሩን ሳያዩ ዋጋ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ከ2024 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ በሱቅ ሽያጭ ላይ 11 በመቶ ተጨማሪ ግብር አለ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በጥቅሉ መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ እኔም ግሪን ካርዴ እስኪመጣ የጠበቅኩት ለዚህ ነው። መግዛት የፈቀደ ሰው 25 ዶላር ከፍሎ 30 ጥያቄ ይፈተናል፣ 23 መመለስ አለበት። ከዚያ አሥር ቀን መጠበቅ። ሁለት ግለሰቦች ሲሸጣሸጡ ግን፣ ፈቃድ ባለው ነጋዴ ፊት እስከሆነ ድረስ፣ ዝርዝሩ አይመለከታቸውም። ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በር ይቺ ናት።

እዚህ ላይ ነው ጋሼ «ስታር ፈልግ» ያሉኝ።

ስታር! አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ስም ከፖሊስ መግለጫ ያውቀዋል፤ «አንድ ስታር ሽጉጥ ከስምንት ጥይት ጋር» ተብሎ። ኤይባር በምትባል የስፔን ባስክ ከተማ የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው በ1997 ተዘግቷል። መልኩ የብራውኒንግን 1911 ይመስላል፣ ውስጡ ግን ይለያል፤ ከእጀታው ኋላ ያለው መቆለፊያ የለውም፣ ቀለሃ የሚጎትተውም ብረት ከውጭ ይታያል። ርካሽ የሆነው አገልግሎት ጨርሶ በብዛት ስለመጣ ነው፣ ልክ እንደ ውጅግራ። ጥይቱም 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከትልቁ ፎርቲ ፋይቭ በእጅጉ ይረክሳል፤ ለደሃ ተኳሽ እውነተኛው ወጪ ሽጉጡ ሳይሆን ጥይቱ ነው። ጉድለቱ መለዋወጫ አለመኖሩ ነው። መርፌው ደካማ ስለሆነ ባዶውን ምላጭ አትሳብበት ይባላል።

«የትኛው ስታር?» አልኳቸው። ጋሼ ከስልካቸው ላይ አነበቡልኝ፤ «ቢኤም»። ሁለታችንም ሳቅን። ለእኛ ቢኤም ሮኬት ነው። «ይኼ ታናሽ ወንድሙ ይሆናል» አሉ።

ማካሮቭም ነበረ፣ መደበቅ አልችልም። የሶቪየት ሥራ፣ በ1951 የጸደቀ፣ ሁለመናው ብረት፣ ለማበላሸት የሚያስቸግር። ዋጋው ከኪሴ ጋር ይስማማ ነበር። በእጄ ይዤ መልሼ አስቀመጥኩት። እናቴ በ1970 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በየቀበሌው ስብሰባ ሰብሳቢው ከመናገሩ በፊት ማካሮቩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ እንደነበር፣ ድምፁንም፣ ብረት እንጨት ሲነካ የሚያሰማውን፣ ትነግረን ነበር። የተሸጎጠው ሲወጣ ማለት ያ ነው። ከክፍሏ አራት ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ቀርተዋል። ይህን ዕቃ ወረቀት ለመብሳት ብዬ ቤቴ አስገባለሁ? ጋሼ ምንም አላሉም፤ እሳቸውም በዚያ ዘመን አንድ ታጥቀው ነበርና እኔ አልጠየቅኳቸውም።

የምኖረው አፕታውን ኦክላንድ ነው፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ። ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በ1966 ሂዊ ኒውተንና ቦቢ ሲል ብላክ ፓንተርን መሠረቱ። የመጀመሪያ ጠመንጃቸውን እንዴት እንደገዙ ሲል ራሱ ተርኮታል፤ ከሳን ፍራንሲስኮ ቻይና ታውን የማኦን ቀይ መጽሐፍ በ30 ሳንቲም እየገዙ በርክሌይ ግቢ በር ላይ በአንድ ዶላር ሸጡት፣ በትርፉ ሁለት ሾትገን ገዙ። ገጣሚ ጠመንጃ ሸጠ፣ እዚህ ደግሞ መጽሐፍ ጠመንጃ ገዛ። (ይህን ዓረፍተ ነገር ለአማካሪዬ አሳይቼ «በጣም የተመቸ ነው» ብላ ሰርዛዋለች፤ እዚህ ግን አስቀርቼዋለሁ።) ፓንተሮቹ ብረታቸውን አልሸጎጡትም። በግልጽ መያዝ ሕጋዊ ነበርና በግልጽ ይዘው ፖሊስን ተከተሉ፤ ግንቦት 2 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. 30 ያህል ሆነው ሳክራሜንቶ ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት ሬገን በገዥነቱ የፈረመው የመልፎርድ ሕግ የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን ከለከለ። ዛሬ የምፈተነው ፈተና የሩቅ አያቱ ይኸው ነው።

በመጨረሻ ስታር ቢኤም አገኘሁ፤ ከአንድ ጡረተኛ፣ በ400 ዶላር፣ ለነጋዴውና ለግዛቱ ክፍያ 47 ዶላር ገደማ ተጨምሮ። የማካሮቭን ታሪክ ትቼ ታሪክ የሌለው ብረት የገዛሁ መስሎኝ ነበር። በአሥሩ የመጠበቂያ ቀን ግን ሥራ ፈት እጅ ያደርገዋልና፣ እነዚህ ሽጉጦች ከየት እንደወጡ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቹ የስፔን ጋርዲያ ሲቪል የታጠቃቸው ናቸው።

ጋርዲያ ሲቪል። ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ በ1928 ባሳተመው መድበል ውስጥ በስማቸው ግጥም የጻፈባቸው ሰዎች፤ በፈረስ ገብተው የጂፕሲዎችን ከተማ የሚያነዱት። ሎርካን የፍራንኮ ወገኖች በነሐሴ 1936 ግራናዳ አጠገብ ገደሉት። የእኔ ሽጉጥ በዚያን ጊዜ አልተሠራም፤ የሰባዎቹ ወይም የሰማንያዎቹ ሥራ ነው፤ ግን ከፊሉ አሁንም የፍራንኮ ዘመን ነው። ባስክ አገር ውስጥ ተሠርቶ፣ ባስክን ለሚቆጣጠር ዘብ የተሰጠ። ሎርካን በየዓመቱ አስተምራለሁ። የዘቡን ብረት ለመግዛት ደግሞ ስምንት ወር ቆጥቤያለሁ።

ሰባተኛው ቀን ላይ ልተወው አሰብኩ። ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ንጹሕ ብረት ፈልገህ ነው?» አሉኝ። «ቢላ ግዛ። እሱም ቢሆን የማን በግ እንዳረደ አታውቅ።»

«ታዲያ ማካሮቩን ለምን ተውኩት፣ ጋሼ?»

«እሱንማ ልክ ነህ። የእናትህን ሰው የነካውን አትንካ። የሌላውን እናት የነካውን ግን ከየት ታውቀዋለህ?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የምኒልክ ሰዎችም ውጅግራውን ሲረከቡ የፈረንሳይ ወታደር በየት ቅኝ ግዛት ምን እንደሠራበት አልጠየቁም፤ ሊጠይቁም አይገባቸውም ነበር፣ ጣልያን ደጅ ላይ ቆሟል። እኔ ግን ደጄ ላይ ማንም የለም። የእኔ ምርጫ የምቾት ነው፤ ስለዚህም ይመስለኛል የከበደኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሄጄ ተረከብኩት። ሰማያዊ ቅቡ ማኅደር ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ጫፉ ላይ ነጭ ሆኗል፣ የእጀታው ቀኝ ጎን ላይ አንድ ሰው በጥፍሩ ወይም በመፍቻ የጫረው ነገር አለ። ዘይቱን አጸዳሁ፣ የግፊት ሽቦውን ለወጥኩ። ካዝናው ስምንት ጥይት ይጎርሳል። ኦክላንድ አቅራቢያ፣ አንቶኒ ሻቦ ፓርክ ውስጥ የነበረው ትልቅ የተኩስ ሜዳ በ2016 በእርሳስ ብክለት ሳቢያ ስለተዘጋ፣ ከጋሼ ጋር እንደገና ወደ ሳን ሆዜ ነዳን።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥይቶች ወደ ግራና ወደ ታች ሄዱ፤ የጀማሪ ምላጭ ነው፣ ጣቱን ሳይሆን እጁን ሁሉ ይጨብጣል። ስድስተኛው ክቡን ነካ። ጋሼን ይሞክሩ አልኳቸው። ተቀበሉኝ፣ ካዝናውን አወጡ፣ ውስጡን አዩ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ በጣም ቀስ ብለው፣ ድምፅ እንዳያሰማ። ከዚያ ሁለቱን ቀሪ ጥይት እኔው ተኮስኩ።

ቅዳሜ ማታ እናቴ ደወለች። የራምቦ ምዕራፍ አለቀ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሊያልቅ ነው፣ ምኒልክ ዋጋውን የቀነሱበት ላይ ደርሻለሁ አልኳት። ሳቀች። ስለ ሌላው ገና አልነገርኳትም። ሽጉጡ ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ቁም ሣጥኔ ታች፣ ከሎርካ መጻሕፍት ካርቶን ጎን ነው።